የሲሚንቶ ከረጢት ማህደር

ሰኔ ሊያልቅ ነው። ከጣና በኩል የመጣው ነፋስ
መስኮቱን መቶ፣ ወረቀቴን ሁሉ ሊያተራምስ
ሲል በክርኔ ተጫንኩት፤
አርባ ሦስቱን ማህደር ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩት።

ማህደር ማለቴ፣ ያው ለስሙ ነው፤
ከሲሚንቶ ከረጢት ቀድደን፣ አጥፈን፣ በሲባጎ የሰፋነው፤
በጀት ሲታጣ
ሽንብጥ ከሚሠራው ፎቅ ሥር ተለምኖ፣ ክፍሉ ተሸክሞት የመጣ።
ዛሬም ሲገለጥ ግራጫ አቧራ ጣቴ ላይ ይቀራል፤
ከአቧራው መሐል የልጅ እንግሊዝኛ ይንጠራራል።

አቶ ባዘዘው በር ላይ ቆሟል፣ ሮስተሩን ይዞ፤
ክፉ ሰው አይደለም፤ ከጠዋት ጀምሮ በቁጥር ደንዝዞ
ነው እንጂ።
«መምህርት ይታይሽ፣ ከመቶ ስንት?
የባንቻየሁ ቦታ ባዶ ነው፤ ሙዪልኝ በሞቴ፣ ዓመቱን ልዝጋበት።»

ከመቶ ስንት።
የሮስተሩ ሳጥን ስፋቱ ሁለት ጣት አይሞላም፤
ሁለት አሃዝ ያስገባል፤ ሰው ግን አያስገባም።

ፈተናው ሠላሳ አንድ ይላል።
ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፤ አክብባ፣ ሰርዛ፣
ወረቀቱ እስኪሳሳ በላጲስ ፈግፍጋ፣ እንደገና ተክዛ።
የጠየቃት ስለ ባቡር ጣቢያ ትኬት፤
እዚህ ባቡር የለ፤ እኔም ያየሁት በሥዕል ነው፣ ያውም በልጅነት።

ማህደሯን ፈታሁ።
የጥቅምት ወረቀት፤ ጥጉ ውኃ ነክቶት የጠቆረ፤
አራት ቃል፤ ነጥቡ ወረቀቱን የሰረሰረ፦
«ማይ ፋዘር ኢዝ ፊሽ።»
ያን ቀን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤
እንየው «አምባዛ ነው ቆሮሶ?» ሲል ጩኸቱ ኮርኒስ ደረሰ።
ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ፤ መልሼ ከደንኩት፤
«ቀን ጻፊበትና አስቀምጪው» አልኩ፤ እንዳለ ተውኩት።

ታኅሣሥ፦ የመረብ ሥዕል፤ ከሥሩ አራት መስመር፤
አባቷ ሲተበትብ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ቋጠሮ ስትቆጥር፤
«ፊፍቲን»ና «ፊፍቲ» ጋ ደርሳ፣ ተጣልታ ስትታረቅ፤
የካቲት፦ የዓሣ ገበያ ጭውውት፣ ከእንየው ጋር ጥንድ ሆና፣ ሳትሳቀቅ።

(የእንየው ማህደር፣ ፈተናው ሰማንያ ስምንት፣
ሁለት ቅጠል ብቻ፤ አንዱ ላይ አህያ፣ ሌላው ላይ የእኔ ፊርማ፣ ራሱ የፈረማት።
ደግሞ አሳምሮ!)

ሚያዝያ ላይ ቆምኩ።
«ማይ ፋዘር ዋዝ ኤ ፊሸርማን።»
ያኔ፣ እኔ ሞኝ፣ በእርሳስ ከብቤ «ዋዝ»ን
«ኢዝ ለማለት ነው?» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ሳልጠይቅ ምክንያቱን።
ከጥያቄዬ ሥር፣ በአማርኛ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«አይደለም ቲቸር። ዓሣው ሳሳ፤ መረቡንም ሸጦታል፤
አሁን ሆቴል በር ላይ ዘበኛ ነው፤ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ያድራል።
ስለዚህ ዋዝ።»

ስለዚህ ዋዝ።
ኃላፊ ጊዜን በሰሌዳ ያስተማርኩት ሦስት ሳምንት፤
እሷ የተማረችው አንድ ሌሊት፣
ሰው መጥቶ መረቡን ተሸክሞ ሲወጣ፣ ከበሩ ኋላ ቆማ።
ለዚህ የሚከበብ ፊደል የለማ!

ትናንት ጠርቼ «ከሁሉ የምትወጂውን አንድ ገጽ ምረጪ» አልኳት።
ሚያዝያን ጠብቄ ነበር፤ እሷ ገልጣ ገልጣ የጥቅምቷን አወጣቻት።
«ይቺማ ስህተት አለባት።»
«አውቃለሁ» አለች፤
መጨረሻውን ቃል በጣቷ ዳበሰች።
«ግን እዚህ ላይ አባቴ ገና ውኃ ውስጥ ነው።»

ነፋሱ እንደገና መጣ። አቶ ባዘዘው ሳለ፤
«እና ስንት ልበል?» አለ።
ወንበር ሳብኩለት። «አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ አያስመሽም፤
ጥቅምትን ሳታይ ቁጥር አልሰጥህም።»
ሰዓቱን አየ። ሮስተሩን አየ። ተቀመጠ።
ሲባጎውን ፈታ፤ ገለጠ፤
ግራጫው አቧራ ጣቱ ላይ ቀረ።