አራት ነጥብ

የተወለድኩት ጳጉሜን ስድስት ነው፣ በዘመነ ሉቃስ፣
በአራት ዓመት አንዴ ብቅ ብሎ በሚጠፋው ቀን፤
«ይቺ ልጅ አታረጅም» አሉ ጎረቤቶቹ ሁሉ፣
«ልደቷ እንደ ሀብታም ዘመድ፣ ሲያሻው ነው የሚመጣው» እያሉ፤
እውነትም በእናቴ ቆጠራ ሰባቴ ብቻ አክብሬያለሁ፣
ለዚያ ፊት ለሌለው ቆጣሪ ግን ሀያ ዘጠኝ ሞልቻለሁ

ቀን ቀን ስንዴ እመዝናለሁ፣ ዊኒፔግ፣ ከእህል ቤተ ሙከራ፤
በትንንሽ ከረጢት ይመጣል፣ ቁጥር ተለጥፎበት፤
እርጥበቱን እለካለሁ፣
ውርጭ የመታውን፣ የተሰበረውን፣ ከደህናው እለያለሁ፣
«አንደኛ ደረጃ»፣ «ሦስተኛ ደረጃ» ብዬ እፈርማለሁ፤
ስንዴው ምንም አይለኝም፣
እኔም ጠይቄው አላውቅም
ዝናቡ ስንት ቀን ዘገየብህ፣ ማን አረመህ ብዬ

ማታ ደግሞ ወንፊቱ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፦
ለዕድሜ ይህን ያህል፣ ለዲግሪ ይህን ያህል፣
ለእንግሊዝኛ፣ ማዳመጥ ደህና፣ መጻፍ ትንሽ ጎደል፤
አሰላ፣ ብቅል ፋብሪካ፣ ለሠራሁት ሦስት ዓመት
ደብዳቤው «በሳምንት ስንት ሰዓት» ይበል ተባለና
ጡረታ ለወጡት ለአቶ ምትኬ ደወልኩ፤
«ልጄ፣ ሰዓት ማን ቆጠረ?
ሥራው እስኪያልቅ ነበር ብለሽ ንገሪያቸው» አሉኝ

ከአመለወርቅ ጋር ነው የምኖረው፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ፤
ወለሉ ሌሊቱን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፣
ፍሪጁ ላይ የለጠፍነው የፈረንሳይኛ ግሥ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤
ቅዳሜ ቅዳሜ ቀዩን ወንዝ ተሻግረን ሴንት ቦኒፌስ እንሄዳለን፤
ሙሴ ላፍሬኒዬ፣ የድሮ የባቡር ሠራተኛ፣
«ረ»ን ከጉሮሮ አውጡ ይሉናል፣
እኛ ስናወጣው «ኸ» ይሆናል፣
ሳቃቸውን በመሐረብ ይይዛሉ

ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ዙሩ ወጣ፤
ጓንቴን በጥርሴ ስቤ ስልኬን ከፈትኩ፤
የእነሱን ቁጥር አየሁ፣ የእኔን አየሁ፣ ቀነስኩ፣
እንደገና ቀነስኩ፣
ቅነሳ ለሰው አያዝንም፦
አራት ነጥብ ጎደለኝ

አራት ነጥብ፤
የሦስተኛ ክፍል አስተማሪያችን ወይዘሮ ሽታዬ
«ዓረፍተ ነገር ያለ አራት ነጥብ ያልተዘጋ በር ነው፣
ብርድ ያስገባል» ትለን ነበር፤
ያኔ አሰላ ውስጥ ብርድ ያየች መስሏት

ይኸው የእኔ ነገር፣ ዓረፍት ያጣ ነገር

በዚያው ዙር አመለወርቅ ተጠራች፤
ማታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች፣
ደስታዋ እንዳይሰማኝ፤
እኔም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩላት፣
መስማቴ እንዳይሰማት፤
ስትወጣ እንቁላል ጠብሼ ጠበቅኋት፣
ጨው በዝቶበት ነበር፣ ሁለታችንም በላነው

ዘንድሮ ጳጉሜን አምስት ላይ ያበቃል፣
ስድስተኛዋ የለችም፣ ልደቴ የለም፤
የሌለው ቀን ግን በእኩለ ሌሊት መጣና
አምስት ነጥብ ከእጄ ቆጥሮ ወሰደ፣
አራቱ ጉድለት ዘጠኝ ሆነ

ይሁን፤
በእኔ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፣
ለእነሱ ሠላሳ የሆንኩት ልጅ
እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሀያ ዘጠኝ ነኝ፤
እነዚህን ስድስት ሰዓታት ማንም አልመዘገባቸውም፣
አቶ ምትኬም አልቆጠሯቸውም፣
የራሴ ናቸው፤
መብራቱን አብርቼ መሆንን በትንቢት አረባለሁ፦
«ዠ ሰሬ»፣ እሆናለሁ፣
«ቱ ሰራ»፣ ትሆኛለሽ፤
ለእነሱ ገና የሚሆነው
በእኔ ጆሮ «ሠራ» ነው፣ ያለቀ ሥራ

ከታች ማጠቢያው የማን እንደሆነ የማላውቀውን ልብስ ያዞራል፤
የሥራ ፈቃዴ ጥር ላይ ያልቃል፣
ፈተናው ኅዳር ነው፣
አሁን ሊነጋ ነው፣ መስከረም ሊጠባ ነው፣
አራቱ ነጥብ እስኪመጣ
እንደ ድሮ ጸሐፊ በሁለት ነጥብ እሄዳለሁ፣
ከቃል፡ወደ፡ቃል፡