ረድፍ የሌለው

የለካሁት እኔ ነኝ። ሜትሩ በእጄ ነበር፤
ጫፉን አቶ አዛናው ይዘው እስከ ድንበር
ጓሳውን እየዳሰሱ ቀስ ብለው ሄዱልኝ፣
«ሣር እንዴት ይለካል?» ብለው ሳይጠይቁኝ።

ከደባርቅ ያመጣሁት ቅጽ ሦስት ገጽ ነበረው፦
የግጦሽ ፈቃዱ ቁጥር፣ የሰጠው፣ የሰረዘው፤
የሣሩ ምርት በኩንታል፣ ዋጋው በገበያ፣
ሲባዛ በዓመታት። ከታች የአሻራ ማኖሪያ።

ከብት ለሚልሰው ድንጋይ ቅጹ ረድፍ የለውም።
«ይኼስ?» አሉ እሳቸው፣ አለቱን ዳስሰው፤
«ይህን ሁሉ ጎድጓድ ምላስ ነው የማሰው።»
«አለት» ብዬ ጻፍኩኝ። ምን ልበል ሌላ?
እኔም ቤት ልጅ አለኝ፣ ከዚህ ቅጽ የሚበላ።

እውነቱን ለመናገር ዋልያውም ይራባል፤
ጓሳው ካላገገመ ገደሉ ይናዳል።
ነገርኳቸው ይህን። ራሳቸውን ነቀነቁ፤
«ዋልያን መች ጠላሁ፣ እሱም ከብት ነው» አሉ፣ ሳይስቁ።

ገንዘቡ በሰኔ ገባ፣ በባንክ ደብተራቸው፤
ሰማንያ አራት ሺህ ብር፣ ከነሳንቲሙ፣ በስማቸው።
ሰፈሩ ከብቱን ነድቶ ባንድ ቅዳሜ ሲወጣ
የደባርቅ ገበያ ዋጋ ከየት ያምጣ?
በሬው በወይፈን ሂሳብ ሄደ።
አንዷን ግን አስቀሩ፦
ዳለቻን። ከብዳ ነበርና።

በጥቅምት፣ በውርጩ፣ ስካውቱ ደወለልኝ፦
«ላሟ መስመር አለፈች፤ ቅጣቱን ንገረኝ።
ሣሩንስ አልነካችም፤ አለት ነው የምትልስ።»
ደንቡ ስለ ምላስ አይልም። «አለፈች?» አልኩት፣ «ይቀነስ።»

አምስት መቶ ብር ከካሳው ላይ ተቀነሰ።
በሳምንቱ ደግሞ ሄደች። ደግሞ ተቀነሰ።
እሷ ድንጋዩን ስትልስ ደብተሩ አነሰ።

አቶ አዛናው ጎንደር ድረስ መጡ፣ ፒያሳ፣ ቢሮዬ፤
ደረሰኞቹ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ እንደ ኪኒን።
አልጮኹም። አልለመኑም።
ቅጹን አስወጡኝ፤ አሻራቸውን አዩት፣
ሰማያዊው እንዳለ ነው።

«ይኼ የኔ ጣት ነው» አሉ፣ «አልክድም፣ ፈርሜያለሁ፤
ገንዘቡን ወስጃለሁ፤ ቃሌንም እጠብቃለሁ።
እስቲ አንተ የተማርከው፣ ፈልገህ አሳየኝ፤
የዳለቻ አሻራ የቱ ገጽ ላይ ነው?»

ገለጥኩ። ሦስት ገጽ ብቻ ነው። ገለጥኩት ደግሜ፣
እሳቸው ተቀምጠው፣ እኔ ቆሜ።