ሩብ ድምፅ

በረዶ ኦታሩን ሸፍኖ፣ ወደቡ ድምፁን ሲያጣ
ሺራቶሪ ደወለልኝ፦ «ታዙኮ፣ አንድ ነገር መጣ።
መቃኛ ሹካሽን ይዘሽ ነዪ፤
ያበደው ጆሮዬ ይሁን ዓለም፣ አንቺው መጥተሽ እዪ።»

ቤቱ አስራ አንድ ወንበር ነው፣ ከሁለት ድምፅ ማጉያ ፊት፤
ሰው ጃዝ ሊሰማ የሚገባበት፣ ወሬ የተከለከለበት፣
ባለቤቱም ሂሳቡን በጣቱ የሚያሳይበት።
ግድግዳው ሙሉ ሸክላ ነው፤ ከሁሉም ግን አንዱ ሸክላ
ጠርዙ በእጅ ላብ የጠቆረ፣ ሽፋኑ በሻይ የቀላ፦
«ዘጠነኛው ፎቅ» ይባላል፤
ቬርኔል ቲብስ ከነጓዶቹ ዲትሮይት ላይ፣ በአንድ ሌሊት ቀድተውታል።

ያን ሌሊት የማሽኑ ሞተር ደክሞት
ቴፑን ሲስብ አዘገመ፤
ሸክላው ሲታተም ታዲያ ሙዚቃው ከራሱ ቀደመ።
በሩብ ድምፅ ከፍ አለ፣ ቀጠነ፤
ቲብስ ያልነፋው ትራምፔት ስድሳ ዓመት የቲብስ ሆነ።

ማንም ልብ አላለውም።
ፉሚኤ ግን፣ የሺራቶሪ ሚስት፣ ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት
ከሸክላው ጋር አብራ ስትጫወት
ከሩዝ መሃል እንዳለ ጠጠር ጥርሷ ላይ ኮሽ አለባት።
አባቴን ጠራችው፦ «ፒያኖዬን ወደ ላይ ሳበው፤
ሸክላው ወደኔ አይመጣም፣ እኔ ነኝ ወደሱ የምቀርበው።»
አባቴ አጉረመረመ። በየጸደዩ እየመጣ ግን ሳበው፤
ዋጋውን በእጥፍ አሰበው።

ፉሚኤ ከሞተች አስራ አራት ዓመት።
ክዳኑ ተከፍቶ አያውቅም፤ ላዩ ላይ የሂሳብ ደብተርና የድመት
ምግብ ቆርቆሮ ተቀምጦበት።

አሁን ደግሞ አዲስ እትም፦ መቶ ሰማንያ ግራም ሸክላ፣
ዋጋው ሦስት ቀን የሚያበላ፤
ከጎን የነበረ የሌላ ማሽን ቴፕ ከአንድ ምድር ቤት ተገኝቶ፣
ፍጥነቱ ተስተካክሎ፣ ጠርቶ።

መርፌውን አወረደ።
ድራም መቺው ከጉም ወጥቶ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤
የቤዙ ክር እንጨቱን ሲመታ፣ የሰውየው ትንፋሽ ሳይቀር ተገለጠ።
ሺራቶሪ ፊቱን አጨፈገገ። በሹክሹክታ፦ «ሰማሽ? ወርዷል፣ ወፍሯል፤
እንግዳ ሰው ቤቴ ገብቶ የወንድሜን ኮት ለብሷል።
ድምፁስ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፤ ጥሩነቱ ነው የከፋኝ፤
አርባ ዓመት የወደድኩት ሰው ‹እኔ አልነበርኩም› ብሎ ጠፋኝ።
የሷን ፒያኖ ምቺልኝ። የድሮው ድምፅ እዚያ አለ።
እሱ ምስክሬ ነው» አለ።

ደብተሩን አነሳሁ። ቆርቆሮውንም። ክዳኑን ከፈትኩ።
ሹካዬን ጉልበቴ ላይ መትቼ ሰማሁ፤ አንድ ቁልፍ ነካሁ።
ደግሜ ነካሁ።
ሸክላው እየዞረ ነው፤ ቲብስ አንድ ድምፅ በረጅሙ ይዟል፤
ፒያኖውም ያንኑ ይዟል።

አስራ አራት ክረምት፣ ማንም ሳይቃኘው፣ ማንም ሳይነካው
ብርዱ ሲያኮማትረው፣ ምድጃው ሲያፍታታው
አባቴ የሳበውን በየሌሊቱ ከፀጉር በቀጠነ መጠን እየለቀቀ
ወርዶ፣ ወርዶ፣ እውነተኛው ድምፅ ላይ ወደቀ።
(ሁሉም አይደለም። ላይኞቹ ክሮች እንደ ጥርስ ሕመም ናቸው፤
አንዱ ተበጥሷል፤ የሁለቱን መዶሻ ብል በልቷቸዋል።)

እንዴት ልንገረው? ምስክር ብሎ የጠራው ለሌላው ወገን መሰከረ።
በዚያ ቤት መናገርም ክልክል ነው።
ስለዚህ ያንኑ ቁልፍ ከቲብስ ጋር መታሁ፣ ደጋግሜ፣
እስኪገባው ድረስ ቆሜ።
መጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ መነጽሩን አወለቀ፤
የሚጠርገው ነገር አጥቶ መልሶ አጠለቀ።
«ሳትነግረኝ ቀድማ ሄዳለች» አለ።
ፒያኖዋን ይሁን ሚስቱን፣ አልጠየቅኩትም።

«ላይኞቹን ላስተካክላቸው?»
«ስንት ነው?»
ከደብተሩ ጫፍ ቀድጄ የአባቴን ዋጋ ጻፍኩለት።
አየውና «ውድ ነው» አለ፤
ሸክላውን ገለበጠ።