አፈሩን ያቅልልለት

አዴ ሲቲና ኮረሪማዋን ለጎረቤት አደራ ብላ
ከሂርማታ ገበያ መጣች፣ በባጃጅ፣ ዶፍ ተከትላ።
ጫማዋን ደጃፍ ላይ ፋቀች፤ የጅማ ቀይ ጭቃ
እንደ አራጣ አበዳሪ ነው፣ ከያዘ አይለቅም በቃ።
ከጉያዋ ፌስታል አወጣች፣ ሦስት ጊዜ የታሰረ፤
አንድ ኩባያ አሸዋ፣ በጋቢና ወንበር ሥር ሳምንት ያደረ።
«ሹፌሩ ነው ያመጣልኝ፣ ልጄ ከተኛበት፤
አፈር ትመረምራለህ አሉ፤
ጠባዩን ንገረኝ እንግዲህ፣ አንድ በአንድ፣ ሳትዋሽበት።»

ሙዘሚል የመኪና ረዳት ነበር፤ ሃያ እንኳ አልሞላው፤
ከጅቡቲ ወደብ ማዶ፣ ሙቀት ነው አሉ የጣለው።
እዚያው ቀበሩት፤ በዚያ ሐሩር ሬሳ አያድር፤
ንፋስ ዱሮ ዱሮ ከከመረው የአሸዋ ጉብታ ሥር።

እኔ ለገበሬ «ኖራ ጨምር» ብዬ ማኅተም የምመታ ሰው፣
ቅጼ «ሰብል» ይላል እንጂ «ልጅ» የሚል መስመር የለው፤
ቢሆንም ወንፊቱን አወረድኩ፣ መብራቱን አበራሁ፣
ከአጉሊ መነጽሩ ሥር አንዲት ቁንጥር ዘራሁ።

ፍሬው ክብ ነው፤ ማዕዘኑ ሁሉ አልቋል ተፍቆ፣
ገጹ ዳምኗል፣ እንደ አሮጌ ብርጭቆ።
ውሃ እንዲህ አያደርግም፤ ይህ የንፋስ እጅ ነው፣
ሺህ ዓመት ፍሬን ከፍሬ ሲያጋጭ የኖረው።
ንፋስ ደግሞ ሰፌድ አለው፤
ጠጠሩን አላነሳም፣ ትቢያውን አሻገረ፣
መካከለኛውን ብቻ፣ እኩያ ለእኩያ፣ እዚያ ከመረ።
«እንደ ተበጠረ ጤፍ» አለች፣ በአንድ ዓይኗ አጎንብሳ።
«አዎ» አልኳት፤ «ሊጥ ግን አይወጣውም»፤
ውሃ ጠብ አድርጌ ላሳያት ስነሳ።

የኛው ቀይ ቢሆን ይድቦለቦላል፣ ቀለበት ይሆናል፤
ይሄ መዳፌ ላይ ይበታተናል፤
ጎረቤት ነው እንጂ ዘመድ አይደለም ፍሬው፤
ሸክላ የለው የሚያጣብቀው፣ ብስባሽ የለው የሚያጠቁረው።
አሲድ ሳንጠባጥብበት ፈላ። ክው አለች።
«ዛጎል ነው፣ ንፋስ የፈጨው።» ዝም ብላ እጄን አየች።

ስስ ዝገትም ነበረበት።
«ይህ ያረጀ ነው» አልኳት፣ «ካረፈ ሰንብቷል፤
የዛሬ አሸዋ ይንከራተታል፣ ይሄ ግን ሣር ይዞታል።»
ውሃ በቱቦ አፈሰስኩበት፤ አሥር ሳልቆጥር ከታች ወረደ፤
«ዝናብ አያድርበትም።»
«ዝናብስ የት አለ እዚያ?» አለች፤ ወሬዬ በረደ።

ከዚያ፣ ፌስታሉን እየደባበሰች፣
የመጣችበትን ጠየቀች፦
«ለቀስተኛው ሁሉ ‹አፈሩን ያቅልልለት› ብሎኝ ነው የሄደ።
ይቀላል?»

ሚዛኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምላሴን ዋጥኩ።
ሰው የኛን አፈር ከባድ ይለዋል፣ እግር ስለያዘ፤
ደርቆ ሲሰፈር ግን ሆዱ ክፍት ነው፣ አየር እንዳረገዘ።
አሸዋ ነው ጥቅጥቁ፤ ባንድ ኩባያ ስፍር ስንቴ መዝኛለሁ፣
ስንት ግራም እንደሚበልጥ፣ ሳላነሣ፣ አውቃለሁ።

እሷ ግን ሠላሳ ዓመት ኮረሪማ በእጇ የመዘነች፣
አንዱን ኩባያ በግራዋ፣ አንዱን በቀኟ አነሳች።
«ይሄኛው ይከብዳል» አለች።

አላለቀሰችም። መዳፏ ላይ ገለበጠችው፤
በጣቶቿ መሃል ፈሰሰ፤ አልጨበጠችው።
«ግን አይዝም» አለች። «እሱም ቢሆን የሚያዝ ልጅ መች ነበረ፤
‹ተው› እያልኩት ተሳፍሮ፣ ‹ተው› እያልኩት በረረ።»

«ጎድሏል» አለች ደግሞ፣ ገና ስትቋጥረው።
አሲድ የበላው አይመለስም። ከጠረጴዛው ላይ የቀረው
ስንት ፍሬ ነው? በላባ ጠርጌ ጨመርኩላት።
«ዋጋው ስንት ነው?» አለች። «የለውም» አልኳት።

ቅጹ ላይ «ሊዘራ የታሰበ» የሚለው ሳጥን ባዶውን አደረ፤
ክብደቱንም አልጻፍኩም።
ደጃፉ ላይ የረገጠችው ጭቃ እስከ ሐሙስ ቆይቶ ነበረ፣
ደርቆ፣ ተሰንጥቆ፣
ሠላሳ ስምንት፣ የጫማዋን ቁጥር ሳይቀር ይዞ።