አጋሰስ

አጋሰስ ይላሉ፣ ሰው ሲሰድቡበት፣
ሆድ ብቻ የሆነ፣ ልብ የሌለበት።
በእኛ ግቢ ግን ሌላ ነው ትርጉሙ፤
ደረተ ሰፊ ነው፣ ወፍራም ቁርጭምጭሙ፣
ኮቴው የሙቀጫ አፍ፣ ትከሻው የበር ሳንቃ፣
ዳገት ሲያይ ዝም የሚል፣ ጅራፍ ሳይጠብቅ የሚነቃ።

አዘዞ የቀረች አንዲት ባዝራ ግራጫ፣
ደመና ትባላለች፤ ጋጣዋ የድሮ ጋሪ ማስቀመጫ።
ጋሪው ላይ ዶሮ ታቅፋለች።
የባጃጅ ጎረምሶች በደጄ ሲያልፉ ይጮኻሉ፤
“ጋሽ ውባንተ፣ ቤንዚን ቀዱላት?” ይላሉ።
ቤንዚኑ የጠፋ ለታ ግን፣ ሲሚንቶ ሊያስጭኑ፣
ቆባቸውን አውልቀው ይመጣሉ።

ሰኔ ላይ ድንጉላ ስትሻ፣
እንዳላማው አህያውን እየጎተተ ደረሰ፦
“ገንዘቡ በቅሎ ነው፤ ባዝራህን አውሰኝ፣
ከምትወልደው በቅሎ እኩሌታው ይድረሰኝ።
ፈረስ ማን ይገዛል? ከፈረስ ምን ሊገኝ?”

እውነት አለው። ለልጄ ትምህርት፣ ለጣሪያው ቆርቆሮ፣
አንዲት በቅሎ ስትሸጥ ይሞላል ቋጠሮ።
ግን በቅሎ፣
“አባትሽ ማነው?” ሲሏት፣ “እናቴ ፈረስ ናት” ብላ
ታመልጣለች ከጥያቄው። እኔን የጨነቀኝ ሌላ፤
“ልጅሽስ ማነው?” ያሏት ቀን
ምን ትላለች?

አህያውን መለስኩት። እንዳላማው ተቀየመኝ።

ሁለት ቀን ወጣን፣ እኔና እሷ፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣
ብርዱ ጆሮ ሲቆርጥ፣ ጭጋጉ ጋማዋ ላይ ሲፈስ።
እዚያ አንድ ድንጉላ አለ፣ የአለቃ ምንይችል፣
ከዚያው ዘር፤ ግራ ዓይኑ የጠፋ፣ ገብስ ማኘክ የማይችል።
አለቃም ሳቁ፦ “ይህ ሽማግሌ?
እንኳን ባዝራ ሊያይ፣ ዝንብም አያባርር!”
እሱ ግን አፍንጫውን ከፈተ፤ ሽታዋን ሳበ፤
አጥሩን ታከከና፣ ጎረምሳ ሆኖ ቀረበ።

አሥራ አንድ ወር ቆጠርኩ፣ ግድግዳው ላይ፣ በከሰል።

የግንቦት ልደታ ማግስት፣ ሌሊት፣
እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ሳብኩ።
ደም፣ ጭቃ፣ እንፋሎት፤ ከዚያ ማስነጠሱን ሰማሁ።
ሦስት ጊዜ ወደቀ። በአራተኛው ቆመ፣
በማይመጥኑት እግሮች፣ በጣም በትልልቅ እግሮች።
ወንድ ነው።

በሳምንቱ ከአምባ ጊዮርጊስ መልእክት መጣ፤
ሽማግሌው አጥሩን እንደተደገፈ አድሮ ሞቷል።
አሁን እናትና ልጅ ብቻ ናቸው ያሉኝ፤
እሱ ለዘር ሲደርስ፣ ባዝራ ከየት ይገኝ?
ዳባት እጠይቃለሁ። ደባርቅ እጠይቃለሁ።
ጥቅምት ላይ፣ ጭቃው ሲደርቅ።

ትናንት እንዳላማው መጣ፤ አህያውን አላመጣም።
በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ውርንጭላውን አየው፣
ከእግሩ ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ ጆሮው።
“አጋሰስ!” አለ።
ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።