የእሁድ ሒሳብ

ደሞዝ የገባ ዕለት ፍራሼ ላይ ሆኜ፣
ብሩን እለያለሁ ደጋግሜ መዝኜ፤
ይኼኛው ለቤት ኪራይ፣ ይኼ ለሽሮ ነው፣
ይኼ ለታናሼ፣ ቦዲቲ ላለው፤
የተረፈችውን መቶ ሃምሳ ብር
በመድኃኒት ካርቶን፣ ከሻንጣዬ ሥር፣
«እሁድ» ብዬ ጽፌ አስቀምጣታለሁ፤
ከሷ ላላሳልፍ ለራሴ ምያለሁ።

መሐላ ቀላል ነው፣ ስልክ እስኪጮህ ድረስ።
ዱካሌ ነች፦ «ነይ እንጂ፣ ሐይቁ ዳር እንድረስ፤
ላሜሶም ይመጣል፣ ብርቄም ትመጣለች፣
ደብዛሽ ጠፋ እኮ!» እያለች።
«አሞኛል» እላለሁ ድምፄን አላልቼ፣
ጤነኛ ራሴን በሻሽ ሸብ አርጌ፣ ተኝቼ።
አንድ ሰሞን ራሴን፣ አንድ ሰሞን ጥርሴን፣
ሐኪም ያላየውን ስንቱን አካሌን
አሳመምኩት እኔ! የይሉኝታ ወባ፣
ክኒን የማይሽረው፣
ላብ የለው፣ ብርድ የለው፣ ዝም ብሎ የሚገባ።

አትፍረዱብኝ ግን። በፋሲካ ሰሞን
ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ገባን አራት ሆነን፤
ሜኑ ሲመጣልኝ፣ እንደ ዓረብ ጽሕፈት
ከቀኝ ነው የማነበው፣ ዋጋው ካለበት፤
ቁጥሩን ስጨርሰው ምግቡ አላማረኝ፣
«ጠግቤያለሁ» ብዬ አምቦ ውሃ አዘዝኩኝ።
ላሜሶ ግን ሳቀ፣ «በኔ ነው!» አለና
ሒሳቡን ዘጋው፣ ቲፕም ጣለና።
ያ በሰው ኪስ የጠጣሁት አንድ ጠርሙስ አምቦ
ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፣ አረፋው ተሰብስቦ።

ስለዚህ ታመምኩኝ፣ አምስት እሁድ ሙሉ።
ሳምንቱን በፓርኩ የስፌት ማሽን ቃሉ፣
እሁድን በቤቴ የጣሪያው ቆርቆሮ፤
ብር ተጠራቀመ፤ ሰው ጎደለ ከኑሮ።

በስድስተኛው እሁድ ዱካሌ መጣች፣
ሎሚና ዳቦ ይዛ በሬን አንኳኳች።
እሷ በሽተኛ ልትጠይቅ፤ እኔ እጅጌ ሰብስቤ
አረፋ ላይ ቆሜ፣ በአንሶላ ተከብቤ።
ዝም አልን። ቆየና እውነቱ ወጣ፦
«ዱካሌ፣ ብር የለኝም፤ ለዚያ ነው የማልመጣ።»
አየችኝ፤ አየችኝ፤ በሳቅ ፈነዳች፣
«እኔስ ያለኝ መስሎሽ?» ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች።
«ይኼ ዳቦ የዱቤ ነው። የብርቄ ጫማ የጎረቤት።
ላሜሶ ራሱ፣ ያ 'በኔ ነው!' ባዩ፣
ከባጃጁ ጌታ ብድር ነው ሲሳዩ።
ያንቺን አምቦ እንኳ
ገና አልከፈለም።»
ለካስ አራት ሆነን አንድ ቀዳዳ ኪስ
ስንደብቅ ኖረናል፣ እርስ በርስ።

አሁን ሕግ አለን፦ «በኔ ነው» ያለ ሰው
ዓሣውን ይጠርጋል፣ ቅርፊቱም የሱ ነው።
(ላሜሶ ሁለቴ ተቀጥቷል። ልማድ ነው።)
በእግር እንወርዳለን እስከ አሞራ ገደል፤
ብርቄ ትከራከራለች፣
ዓሣው እስኪያፍር፣ ዋጋው እስኪጎድል።
አባ ኮዳ ደግሞ እንደ አስተናጋጅ ቆሞ
ቲፑን ይጠብቃል፣ አንገቱን አዝምሞ፤
አንጀት እንጥልለታለን። ሌላ የሚተርፍ የለንም።
ላሜሶ ብረት ድስት፣ እኔ ሚጥሚጣ፣
ዱካሌ ዳቦ፣ በዱቤ ያልመጣ፤
ከሾላው ጥላ ሥር ካርቶን ተነጥፎ፣
አንድ ዓሣ ለአራት፣ ጭንቅላቱ በዕጣ፣
ወሬው ግን ተርፎ።

አልዋሽም፤ ጀልባዋ በሙዚቃ ስታልፍ
ዓይኔ አብሯት ይሄዳል፣ ልቤም አያርፍ።
«ስንት ነው?» ትላለች ብርቄ። ላሜሶ ይነግራታል።
ዝም እንላለን ሁላችን። ውሃው ይናገራል።

ማታ፣ እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣
የታቦር ተራራ ከኋላዬ እየጠቆረ፣
እገባለሁ ቤቴ። ካርቶኗን ስከፍት ስድሳ ብር ቀርታለች።
ከጎኗ ያቺ ሎሚ፣ ለሕመሜ የመጣች፣
ደርቃ እንደ ጠጠር ሆናለች፤ አልጣልኳትም።
ስልኬ ይጮሃል።
አላመመኝም።