የአስኳሉ ጠርዝ

መምህሬ ኤቫሪስቶ፣ ጣቱ የነጣ በጠመኔ፣
ሠላሳ ዓመት ያስተማረው አንድ ሥዕል ነው፣ እስከ እኔ።
ክቡን በአንድ ትንፋሽ በሰሌዳው ስቦ፣
የጋዙን ስም ሁሉ ዙሪያውን ከትቦ፣
መሐል ላይ ያቆማል፣ ጠመኔው እስኪሰበር ነጥቧን ተጭኖ፦
"ይኸው የጁፒተር አስኳል! ድንጋይና ብረት፣ ጠርዙ የለየለት፣ ጠጥሮ፣ ተከድኖ።"
ያቺን ነጥብ የሳተ ነጥብ አያገኝም፤ በጋውን ሲያነብ፣ ሲያነብ፣
መስከረም ላይ ደግሞ ይፈተናል በላብ።

ከዚያ መንኮራኩሯ ሄደች።
ስሟን ከዚሁ ከተማችን፣ ከፍርስራሹ ኮረብታ፣ ከድሮዋ አምላክ ወሰደች፤
ባሏ ደመና ደርቦ ቢሸሸግ፣
ደመናውን ገልጣ ገበናውን ካየች።
አምስት ዓመት ተጉዛ ደረሰች፤
በሃምሳ ሦስት ቀኗ አንዴ ትወርዳለች፣
ከዋልታ ዋልታ፣ የደመናውን ጣራ ታካ ታልፋለች፣
ጨረሩ ዓይኗን ሳያጠፋው ትሸሻለች።

እኛ እዚህ ሮማ፣ ከኮሎሲየም ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ማራገቢያው ተሰብሮ፣ ሸሚዝ ከገላ ተጣብቆ፣ በሐምሌ ፀሐይ፣
ድምጿን እንመዝናለን።
ድምጿ ቃል የላትም፤ አንዲት የራዲዮ ሞገድ ናት፣
አርባ አምስት ደቂቃ በባዶ ሕዋ መጥታ የምንቀበላት።
ከሥሯ ከባድ ነገር ሲያልፍ ትሳባለች፣
ቀለል ሲልላት ትላላለች፤
ከቀንድ አውጣ እርምጃ መቶ እጅ ያነሰች የፍጥነት ለውጥ ናት፣
ከቁጥር ብርድ ልብስ ውስጥ እንደ ቁንጫ የምንለቅማት።

መጀመሪያ የዋልታው ፎቶ መጣ።
ያ ዥንጉርጉር መቀነት እዚያ የለም፤ ሰማያዊ ነው፣
በሰሜን አንዱን አውሎ ነፋስ ስምንት ከበውታል፣ በደቡብ አምስት፣
ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣
አይዋዋጡም፣ አይላቀቁም፣
የሚሞት አባት አልጋ ዙሪያ ውርስ እንደሚጠብቁ ወንድማማቾች።
"ስምንት? ቁጠሪልኝ" አለች ቤኔዴታ።
ቆጠርኩላት። ስምንት።

ቀጥሎ በረዶው፦ አሞኒያና ውኃ ተላቁጦ
ወደ ጥልቁ ይዘንባል፣ እንደ ኳስ ድቡልቡል ሆኖ።
ነፋሱም፣ ከቆዳ አያልፍም ያልነው፣
ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሥር ሰዶ አገኘነው።

በመጨረሻ አስኳሉ።
ሰባት ጊዜ አሰላሁ።
ነጥቧን አጣሁ።
ድንጋዩም አለ፣ ብረቱም አለ፤ ግን ተበትኖ፣ ከሃይድሮጂኑ ተዋህዶ፣
ወደ ግማሽ አካሉ ድረስ ተንሰራፍቶ፣
የት እንደሚያልቅ እንኳ የማይነግር።

እሑድ ማታ ጋርባቴላ ሄድኩ፣ መምህሬ ቤት።
በካናቴራ ቆሟል፣ ዙኩኒ መጥበሻ ላይ ጥዶ፣
ሦስት እንቁላል ሰብሮ፣ ሹካ ይዞ።
"ተናገሪ፤ እጄ እንጂ ጆሮዬ ሥራ አልያዘ።"
ነገርኩት።
ሹካው አየር ላይ ፈዘዘ።

ሦስቱ አስኳሎች በሳህኑ ውስጥ፣ ቢጫ፣ ክብ፣ ጠርዛቸው የለየ፤
እነሱን አየ፣
እኔን አየ።
"ጠርዝ የለውም?"
"የለውም።"
"ምን መታው?"
"ምናልባት ገና ሕፃን ሳለ አንድ ግዙፍ ነገር ገጭቶት፤
ምናልባትም ሲወለድ እንዲሁ ነበር። አናውቅም።"
አናውቅም ማለትን ያስተማረኝ እሱ ነው፤
ፈተና ላይ ግን ነጥብ አይሰጥባትም ነበር።

ከጎረቤት ሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ይጮኻል።
አንዱን አስኳል በሹካው ወጋ፤
ቢጫው ወደ ነጩ ፈሰሰ፣ ቀስ እያለ፤
መታው፣ መታው፣ ክር ሆነ፣ ጉም ሆነ፣
"እዚህ ላይ ተው!" አልኩት፣ "ይህን ነው የሚመስለው።"
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
ጎንበስ አለ፣ ብዙ ቆየ፤
ዙኩኒው ማረር ጀመረ።

"በሰማንያ ሰባት አንዲት ልጅ ጥያለሁ" አለ፣
"ነጥቧን ስላ፣ ስላ፣
በመጨረሻ በአውራ ጣቷ አደበዘዘቻት።
ለምን ስላት፣ እንዲህ ይሻላል አለችኝ።"
ወደ መደርደሪያው ሄደ፣
የድሮ መዝገቦቹን አንድ በአንድ ያወርድ ጀመር፣
ስሟን ፍለጋ፣
እሳቱን ሳያጠፋ።